የፍሬኑ ነገር

ከዓይኔ ርቀሽ ከልቤ ለማትርቂው እናቴ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም ግድግዳውን እየያዝሽ ነው? መነጽርሽን እንደማታደርጊ አውቃለሁ። «ክሩ ራሱ ቀዳዳውን ያውቀዋል» እያልሽ በዳበሳ ነው መርፌ የምታስገቢው። እባክሽ አድርጊው። እኔ ደህና ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ለቀቀኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ተማሪዎቼም እንደ ወትሮው ያደክሙኛል።

ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስደነግጥሽ አውቃለሁ። ስልክ እያለ ምን ብትሆን ነው የምትጽፈው ትያለሽ። ምንም አልሆንኩም። በስልክ ሲሆን ወሬው ወደማትወጂው ሲዞር «ድምፅሽ ይቆራረጣል» ትይኝና ጨዋታው እዚያው ይቀራል። ወረቀት ግን አይቆራረጥም። ሲደክምሽ ታስቀምጪዋለሽ፣ ሲሻልሽ ታነሺዋለሽ። ደንበኞችሽ ከሄዱ በኋላ፣ ማሽኑን ሸፍነሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ከሁሉ በፊት ያን ሕልም ላንሳብሽ፤ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት የማወራልሽን። በጀርባዬ ተንጋልዬ የሆነ ለስላሳ ነገር ላይ ተኝቻለሁ። ከላዬ ቅጠሎች ያልፋሉ። በቅጠሎቹ መካከል ፀሐይ ብልጭ ጥፍት እያለች ፊቴ ላይ ትራመዳለች። ከፊት አንድ ሰው ያፏጫል። ከዚያ ዓለም ቀስ ብላ ወደ ጎን ትጋደማለች፤ እንቅልፍ የጣለው ሰው አጠገቡ ባለው ትከሻ ላይ እንደሚደገፈው ያለ ነው። ፉጨቱ ይቆማል። የውሃ ድምፅ አለ። ሰማያዊ እጅጌ ያላቸው ሁለት ክንዶች መጥተው ያነሱኛል፤ ብርዱ የሚሰማኝ አንድ እግሬን ብቻ ነው። ይኸው ነው። አንድም ቀን አስፈርቶኝ አያውቅም፤ እንዲያውም እንዲመጣልኝ እየተመኘሁ የምተኛበት ጊዜ ነበር። አንቺ ግን በነገርኩሽ ቁጥር ፊትሽ ይጠቁርና «ሕልም ነው፤ ሕልም ደግሞ አይወራም» ትይኝ ነበር። መንገር ተውኩ። ማለም ግን አልተውኩም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ። ባለፈው ወር አንድ የሰከረ ሹፌር የትምህርት ቤታችንን አጥር ደረመሰው። እሑድ ስለነበር ሰው አልተጎዳም። ግንቡ የወደቀበት ቦታ ግን ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ተደርድረው ፀሐይ የሚሞቁበት ነው። ርዕሰ መምህራችን ሰኞ ዕለት ስብሰባ ጠሩና ጠጥቶ ማሽከርከር ስለሚያመጣው ጣጣ ተማሪዎቹን የሚያስተምር ሰው ይመደብ አሉ። የስፖርት አስተማሪው የእኔ ሥራ አይደለም አለ። የሥነ ዜጋው አስተማሪ የእኔም አይደለም አለ። በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረው፣ «አልኮል ኬሚስትሪ ነው፤ የአንቺ ነው» አሉና ተፈረደብኝ።

ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጀመርኩ። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ማስመሪያ ወደ ታች ይለቃል፣ ሌላው በሁለት ጣቱ ለመያዝ ይሞክራል። እጃቸው ምን ያህል እንደዘገየ አሰላን። በዚያች ቅጽበት መኪና የሚሄደውን ርቀት ኮሪደሩ ላይ በጠመኔ አሰመርን። ከዚያ የጠጣ ሰው እጅና እግር ምን ያህል እንደሚዘገይ ነገርኳቸውና መስመሩን እያስረዘምን ሄድን፤ ከቤተ ሙከራው በር ተነስቶ የወንዶች መጸዳጃ ቤት ገባ። በሳቅ ሞቱ። እኔም የተዋጣልኝ መሰለኝ።

እጇ ሁልጊዜ ከራሷ በላይ የሆነ አንዲት ልጅ አለች፤ ጓደኞቿ «ጥያቄ» ነው የሚሏት። እሷ ተነስታ፣ «ቲቸር፣ የእኔ አባት ግን ሲጠጣ ነው ቀስ ብሎ የሚነዳው። ሳይጠጣ ያብዳል» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እሷም ሳቀች። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ሁሉም ወደ ወሬው ሲመለስ እሷ ብቻ ቆማ መልሴን ትጠብቅ ነበር። ስለ ጉበት የማውቀውን ነገርኳት። ልጅቷ ስለ ጉበት ጠየቀችኝ እንዴ?

ስለ ጉበት ሳይሆን ስለ ሰው ሊነግራቸው የሚችል ፈለግሁ። ሠፈራችን ውስጥ አንድ ጡረተኛ ትራፊክ ፖሊስ አሉ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ግቢያቸው ውስጥ ሲንጎራደዱ እንኳ አሁንም መሀል አደባባይ የቆሙ የሚመስሉ። ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ክፍሉን ቃኙና፣ «እኔ ቁጥር አላውቅም፤ ቁጥሩን ቲቸራችሁ ነግራችኋለች። እኔ አንድ ቀን ብቻ ልንገራችሁ» አሉ።

የነገሩን ይህን ነው። የዛሬ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ገና ጀማሪ ሆነው በሌላ ከተማ ነበር የተመደቡት። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበርድ፣ ድልድዩ ጋ መኪና ወደቀ ተባለ። መንገዱ ግራና ቀኝ ረጃጅም ዛፎች ነበሩት። ትንሿ መኪና ወደ ወንዙ ተጋድማ፣ ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ፣ ነገሩ አብቅቶ ነበር። «ጎንበስ ስል የሸተተኝ ቤንዚን አልነበረም» አሉ። «ከዚያ የኋላውን በር ከፈትኩ። አንዲት ልጅ፣ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ተኝታለች። እንቅልፍ ነው የምላችሁ። ወይ ጭራሽ አልነቃችም፣ ወይ ነቅታ መልሳ ተኝታለች። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ብድግ አድርጌ አቀፍኳት። ያኔ የደንብ ልብሳችን ሰማያዊ ነበር።»

እማዬ፣ ከዚያ በኋላ ክፍሉ ከእኔ ራቀ። ወንበር ዳብሼ ተቀመጥኩ። የሽማግሌው ድምፅ ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስል ነበር፤ የተማሪዎቹ ራስ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ እንደ ቅጠል ይወዛወዛል። እኔ እኮ የዚያን ቀን ቤት ተኝቼ ነበር ተብዬ ነው ያደግሁት።

እሳቸው ቀጠሉ። አንዲት ሴት እየሮጠች መጣች አሉ። «ልብስ ሰፊ ትሆናለች። ደረቷ ላይ ክር ያለበት መርፌ ተሰክቷል። ልጅቷን ስትቀበለኝ እንዳይወጋት በመዳፏ ከለለችው። አላለቀሰችም። ‹ምን ብለህ ልትጽፍ ነው?› አለችኝ። ‹ያየሁትን› አልኳት። ‹ይህች ልጅ አድጋ አባቴ በምን ሞተ ስትለኝ ምን ልበላት? ጠጥቶ፣ አንቺንም ከኋላ ጭኖ ልበላት?› አለችኝ። እኔ ያን ሳምንት ሴት ልጅ ተወልዳልኛለች። እጄ አልታዘዘኝም። ፍሬኑ እምቢ ብሎት ነው ብዬ ጻፍኩ።»

የአንዲት ልጅ እጅ ብቻ ተነሳ፤ የማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። «ታዲያ ፍሬኑን የሠራው ሰውዬ ምን ሆነ?» አለች ጥያቄ።

ሽማግሌው ቆባቸውን ወዲህና ወዲያ ሲያገላብጡ ቆዩ። «ይኸውልሽ፣» አሉ፣ «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። አንድ መካኒክ ነበረው መሰለኝ። ጋራዡ ተዘጋ ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን መስማት አልፈለግሁም።»

እሳቸው አያውቁም፤ እኔ ግን መካኒኩ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ኪሱ ብሎን ስለማያጣ ሰው ሁሉ ብሎን ይለው የነበረው ታናሽ ወንድምሽ፣ የአባዬን መኪና ፍሬን የቀየረው በዚያው ቀን ጠዋት ነበር። ከሐዘኑ በኋላ ለጋራዡ መኪናውን የሚሰጥ ሰው ጠፋ። ከተማውን ለቆ ሄደ። እኔ አንዴ ስሙን ሳነሳ ጎረቤታችን፣ «የአባትሽን ገዳይ አትጥሪ» ብላ ተቆጣችኝ። አንቺ ማሽኑ ላይ አጎንብሰሽ ነበር። ፔዳሉን መርገጥ አቆምሽ፣ ቆየሽ፣ እንደገና ረገጥሽ።

የማልነግርሽ ነገር አይኑር። የዛሬ ስድስት ዓመት እዚህ ከተማ፣ ገበያው ዳር ብስክሌት ሲጠግን አይቼዋለሁ። እሱም አየኝ። መንገድ ተሻግሬ ሄድኩ።

ሽማግሌው ከመጡ በኋላ ዘጠኝ ቀን ያቺን ሴት ስቆጣት ሰነበትኩ። ሳህን ሳጥብ እቆጣታለሁ፤ ፈተና ሳርም እቆጣታለሁ፤ አንድ ምስኪን ተማሪ ላይ ያልሠራውን ስህተት ሁሉ በቀይ አክብቤበት አስተካክይልኝ ብሎ መጣ። በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ተነስቼ ገበያው ዳር ሄድኩ።

ሱቁ የቆርቆሮ ነው። ግድግዳው በሙሉ በጎማና በቸርኬ ተሸፍኗል። አንድ ብስክሌት ገልብጦ ጎማውን ያሽከረክራል፤ የቸርኬው ጥላ ደረቱ ላይ፣ ፊቱ ላይ፣ ከጀርባው ባለው ግድግዳ ላይ ይዞራል። ደጃፉ ላይ ቆሜ ጥላው እስኪዘገይ ጠበቅሁ። ቀና ብሎ አየኝና፣ ትናንት የተለያየን ይመስል፣ «ትንሿ፣ ቁጭ በይ። ወንበሩ ይወዛወዛል፤ እግርሽን አጽኚ» አለኝ።

ሌላ መጀመሪያ አጣሁና ቀጥታ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ የዚያን ቀን ፍሬኑ ምን ሆኖ ነበር?»

ጎማውን በመዳፉ አቆመው። «ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ድረስ ሄጄ በእግሬ ረግጬዋለሁ። የተበላሸ ፍሬን ሲረግጡት ይሰምጣል። ያ እንደ ድንጋይ ነበር» አለኝ።

ታዲያ ለምን ዝም አልክ አልኩት። እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። «ሐዘኑ ቤት ስገባ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የሚባለውን ሰምቼዋለሁ፣ ልናገር ነበር የመጣሁት። አንቺ አንድ ጫማሽን ይዘሽ በየወንበሩ ሥር እየዳህሽ ሌላውን ትፈልጊያለሽ። ‹አባዬ ሲመጣ ያገኝልኛል› ትያለሽ። ልጅ አባት ያስፈልጋታል። አጎት ቢጠፋ ይቻላል» አለኝ።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገረኝ። አባዬ ክፉ ሰው እንዳልነበረ፣ ሳቁ ከሩቅ እንደሚሰማ፣ የዚያን ቀን ጓደኛው አዲስ ቤት ገብቶ ምሳ ጋብዟቸው እንደነበር። «አንቺን ይዞሽ መጣ። እኔም እዚያው ገበታ ላይ ነበርኩ። ሲነሳ ‹ቅርብ ነው፣ እነዳለሁ› አለ። የመኪናው ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከእጄ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ላነሳው አሰብኩ። የእህቴ ባል ነው፣ ሰው ፊት ባሳፍረው አልኩና ተውኩት። ፍሬኑ ደህና ነበር፤ እኔ ግን ደህና አልነበርኩም። ሰው ሲወቅሰኝ በባዶ ነው የሚወቅሰኝ ማለት አልቻልኩም።»

እኔ አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። ያቺን ሴት አላነሳሁበትም፤ እሱም አላነሳብኝም። አልተቀየምክም ወይ ብቻ አልኩት። «የላላ ብሎን ታጠብቂዋለሽ፤ የላላ ሰው ትጠብቂዋለሽ። እኔ ጠበቅሁ» ብሎ ሳቀ። ጥርሶቹ ግማሾቹ የሉም፣ እማዬ። ልሄድ ስነሳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ አሁንም ያለ መነጽር ትሰፋለች ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። «ምን ታደርጊያታለሽ፣ እልኸኛ ናት» አለ፤ ጎማውን መልሶ አሽከረከረው።

ትምህርት ቤት እንዲመጣ ለመንኩት። እኔ ምን አውቃለሁ ብሎ ሦስት ጊዜ እምቢ አለኝ፤ በአራተኛው ሸሚዙን አጥቦ መጣ። ጡረተኛው ትራፊክም ያን ቀን ነበሩ። ያቺ የልጅቷ ጥያቄ እንቅልፍ ነስታቸው ሳይጠሩ መጥተው ኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። አጎቴ ከክፍሉ ፊት ቆሞ ስለ ፍሬን ብዙ አላወራም። የእኔን ጠረጴዛ ተደግፎ፣ ጠመኔ ቁልፍ እንደሆነ ሁሉ አንድ ጫፍ ላይ አስቀመጠና እጁን በስንዝር አራቀው። «ፍሬን ታማኝ ነው፤ ከረገጡት ይይዛል። የሰከረ እግር ግን ረግጫለሁ ይላል፣ አልረገጠም። መኪናው ከተነሳ በኋላ እኔም እናንተም ምንም አንሠራም። የምንሠራው ይህን ታህል ቦታ ላይ ነው» አላቸው፤ ስንዝሩን እያሳየ። አንድ ጊዜ እጁን እንዳልዘረጋና ሰው እንደሞተ ነገራቸው። ጋራዥ እንደነበረው፣ ከተማው የት እንደሆነም ተናገረ።

ሽማግሌው ተነሱ። ቆባቸውን አወለቁ። በወንበሮቹ መካከል ሲመጡ መንገዱ የረዘመባቸው ይመስል ነበር። ፊቱ ሲደርሱ ስማቸውን አልነገሩትም፤ «የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብቻ አሉት። ሽማግሌው የነገሩንን፣ ያቺን ሴት ብቻ ትቼ፣ አስቀድሜ አውርቼለት ነበርና አጎቴ አያቸውና፣ «ያን ሳምንት የተወለደችው ልጅዎ፣ ደህና ናት?» አላቸው። «የሁለት ልጆች እናት ሆናለች» አሉ። «እሰይ» አላቸው። እጃቸውን ያዘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሁም፤ ዓይኔ ሞልቶ ሁሉም ነገር ብርሃን ብቻ ሆነብኝ።

ጥያቄ ያን ቀን እጇን አላወጣችም። በሳምንቱ ግን አባቷ ከትምህርት ቤት ሊወስዳት መጣ፤ በመኪናው መስኮት ብቅ ሲል ሸተታት። አልገባም አለች። ለመናት፣ ተቆጣት፣ ሰው አየን አላት። እሷ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ቁጭ አለች። እጇን ዘርግታ ቁልፉን ስጠኝ አለችው። እኔ በር ላይ ቆሜ እያየሁ ነበር፤ መሄድ ይኑርብኝ አይኑርብኝ መወሰን አቃተኝ። በመጨረሻ ሞተሩን አጠፋና ወርዶ አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ በእግራቸው ሄዱ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ሦስት ቀን አኩርፏት ነበር አለችኝ። በአራተኛው ቀን፣ «ሸርተት ስል እናትሽ ትያዘው» ብሎ ቁልፉን ለሚስቱ ሰጠ። ይህ ይዘልቃል ወይ ትዪኝ ይሆናል። አላውቅም። ልጅቷም አታውቅም፤ ግን አሁን ስትጠይቀኝ የምመልስላት አለኝ።

ጡረተኛው ትራፊክ ትናንት ቤቴ መጥተው ነበር። የዚያን ዘመን መዝገብ ያለበት መሥሪያ ቤት ሄደው፣ የጻፉት ውሸት እንደነበር መስክረው፣ የአጎቴን ስም ሊያጠሩ ቆርጠዋል። አንድ ነገር ብቻ ያዛቸው። «በቃሏ ነው የጻፍኩት፤ ያለ ቃሏ አልሰርዝም። ያቺ ሴት በሕይወት አለች ይሆን?» አሉኝ። ከዚያ ከተማ መሆኔን ነግሬያቸው ነበርና፣ «እናቴ የከተማውን ሰው ሁሉ ታውቃለች፤ እጠይቅልዎታለሁ» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። ቆባቸውን ደፍተው ተሰናብተውኝ ሄዱ።

እናም እየጠየቅሁሽ ነው። ካወቅሻት ንገሪልኝ። ያቺ ልጅ አድጋለች በያት። አባቷን የምታስታውሰው በቅጠል ጥላ ሥር እያፏጨ ሲነዳ ነው፤ ወረቀት ላይ ምንም ቢጻፍ ያን የሚወስድባት የለም። ለማሳደግ ስትይ የሰፋሽላት ልብስ ነበር፤ አሞቃት፣ አሁን ጠቧታል በያት። ያን ልብስ የከፈለላት ግን ሌላ ሰው ነው፤ እሱም ብስክሌት እየጠገነ ይኖራል። ልጅቷ ቁጣዋን ጨርሳለች። የሚቀራት ናፍቆት ብቻ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶብስ እመጣለሁ። ብቻዬን አይደለሁም። ሸሚዝ ልግዛልህ ብለው እምቢ አለኝ፤ ያን ያጠበውን ነው የሚለብሰው፣ ኮሌታው ተበልቷል። ስናንኳኳ ጎረቤት አትላኪ፤ በሩን ራስሽ ክፈቺው።

እጅሽ አይዛል፣ ዕድሜሽ ይርዘም፤ ደጅሽን የሚረግጥ ሁሉ በሰላም ገብቶ በሰላም ይውጣ። የጉልበትሽን ቅባት ይዤልሽ እመጣለሁ።

ልጅሽ፣
የወንድምሽም የእህት ልጅ